ሁለት ሰው ያወቀው ማጥፊያ

ጠዋት ላይ መኪናዋ ግቢው ውስጥ ፊቷን ወደ በሩ አዙራ ቆማ ነበር። መሪዋ ላይ ቀይ ቀለም የተቀባ የብረት ዘንግ ተቆልፎባታል። የግራ የኋላ ጎማዋ በሰንሰለት ከበረንዳው ምሰሶ ጋር ታስሯል፤ የሰንሰለቱ ቁልፍ የሕፃን ጭንቅላት ያህላል። በመስታወቶቿና በሁለቱም ስፖኪዮዎቿ ላይ የታርጋዋ ቁጥር ተፍቆ ተጽፏል። ይህን ሁሉ በመንገድ የሚያልፍ ሰው በበሩ ስንጥቅ አጮልቆ ሊያየው ይችላል፤ እንዲያየውም ነው የተደረገው። የማይታየው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ድብቅ ማጥፊያው። ካልበራ በቀር ነዳጅ ወደ ሞተሩ የማያሳልፍ፣ ከአውራ ጣት ጥፍር የማይበልጥ ነገር ነው። የት እንዳለ የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር። ያ ሰው አሁን መሪው ፊት ተቀምጦ፣ ሁለት እጁን ጭኑ ላይ አሳርፎ፣ የት እንዳደረገው ለማስታወስ ይሞክራል።

ሰፈሩ ጋሽ ሽቦ ይለዋል። ዕድሜውን የፈጀው በመኪና ኤሌክትሪክ ሥራ ነው፤ ጋራዡን ለሌላ ሰው ለቆ ቤት ከዋለ ጥቂት ዓመት ቢሆነውም፣ ዛሬም መብራቷ እምቢ ያላት መኪና መጀመሪያ የምትቆመው እሱ በር ላይ ነው። በዚህ አካባቢ ከሚነዱት መኪኖች የግማሾቹን ማጥፊያ የደበቀው እሱ ነው። ሁለቱን አንድ ቦታ ደብቆ አያውቅም። ሥራውን ሲጨርስ የመኪናውን ባለቤት ብቻውን ያስገባና፣ በሩን ዘግቶ፣ የሰውየውን ጣት ይዞ ቦታው ላይ ያሳርፍለታል። "ለሚስትህም እንዳትነግር" ይለዋል። "ሁለት ሰው ያወቀው ማጥፊያ፣ ማጥፊያ አይደለም።" የራሱንማ በየሁለት ወሩ ከቦታ ቦታ ያዛውረዋል። ለመጨረሻ ጊዜ ያዛወረው የጎረቤቱ የአስተማሪው መኪና በተሰረቀ ማግስት ነበር። ዝናብ እንደነበረ ያስታውሳል። ካቻቢቴው አምልጦት ወንበር ስር ሲንከባለል ያስታውሳል። ራዲዮኑ ስለ ስንዴ ዋጋ ያወራ እንደነበረ ሳይቀር ያስታውሳል። ከዚያ ወዲህ መኪናዋን ደጋግሞ አስነስቷታል፤ ከትናንት ወዲያ እንኳ ከሚስቱ ጋር ወጥተው ገብተዋል። እጁ ቦታውን ያውቀዋል ማለት ነው። እጁ የሚያውቀውን እሱ አላውቅ ማለቱ ነበር ነገሩ።

ሌላ ቀን ቢሆን ኖሮ ሻይ ጠጥቶ፣ ጋቢውን ደርቦ፣ እስኪመጣለት ይጠብቅ ነበር። ዛሬ ግን የኢንሹራንሱ የመጨረሻ ቀን ነው። በዚህ ሰፈር መኪና እየጠፋ ስላስቸገረ ድርጅቱ የሰፈሩን ሰው ሁሉ ክፍያ በሲሶ ጨምሯል። አስተማማኝ መከላከያ ያላት መኪና ይቀነስላታል፤ ግን እስከ ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ ድርጅቱ ግቢ ቀርባ መታየት አለባት። ይህን የነገረችው የኢንሹራንሷ ልጅ ናት፣ በስልክ።

"የኔን መኪና ማንም አልነካት ልጄ" ብሏት ነበር። "ሌባው በሰው ግቢ ገብቶ እኔ ልቀጣ?"

"ጋሼ፣ ድርጅቱ የሚያየው እርስዎን ሳይሆን ሰፈሩን ነው።"

"ሰፈሩ መንጃ ፈቃድ አለው?"

ልጅቷ ከልቧ ሳቀች። ዋጋው ግን በሳቅ የሚቀንስ አልሆነም።

ክፍያውን ለብቻው አይችለውም። ግማሹን የምትከፍለው ሴት ልጁ ናት፤ ባለፈው እሁድ መጥታ ስለ ጭማሪው ስትሰማ፣ ዓይኗን ከሳህኗ ሳታነሳ፣ "በሲሶማ ከጨመረ ትሸጥ" ብላለች። እናቷ የጨው ዕቃውን ወደ መሃል ገፋ አደረገች፣ አባቷ መልሶ ወደ ጠርዙ ወሰደው፣ ነገሩም በዚያው አለቀ። ሦስቱም ግን የመኪናዋ መሸጥ ምን ማለት እንደሆነ ያውቁታል። ሚስቱ መጋረጃ ሰፊ ናት። ቤቱን የሚያቆመው የእሷ ስፌት ነው፤ መጋረጃው ከነመስቀያ ሐዲዱ ወደ ደንበኛ ቤት የሚሄደው ደግሞ በዚህች አሮጌ መኪና ጣሪያ ላይ ነው። ከሰው ቁመት የሚረዝም ሐዲድ የሚጭን ታክሲ የለም፤ የሚጭን ቢገኝም የስፌቱን ዋጋ ይበላዋል።

ቁልፉን አዞረው። ሞተሪኖው እንደ ጎረምሳ ተንቀሳቀሰ፣ ግር ግር አለ፤ ሞተሩ ግን አልተነሳም። ከቤት ውስጥ የሚሰማው የስፌቱ ድምፅ ቀጥ አለ። እሱ ቁልፉን ሲለቅ፣ ትንሽ ቆይቶ ስፌቱ ቀጠለ። እንደገና አዞረ፤ ስፌቱ እንደገና ቆመ።

"ባትሪው ደክሟል መሰለኝ" አለ ወደ ቤቱ ጮክ ብሎ።

ሚስቱ የደከመ ባትሪ ድምፅ ምን እንደሚመስል ከማንም ጋራዥ ሠራተኛ ባላነሰ ታውቃለች፤ ከእሱ ጋር አርጅታለችና። እሱም ይህን ያውቃል። ስፌቱ ሲቀጥል ግን ያመነችው ያህል ቀለል አለው።

የድሮ ቦታዎቹን አንድ በአንድ ዞራቸው። የሲጋራ መተርኮሻውን ነቀለ፤ ከሥሩ ሁለት የጥርስ እንጨትና የደረቀ የብርቱካን ፍሬ አገኘ። የእጅ ፍሬኑን ላስቲክ ገለበጠ። ምንጣፉን ከእግሩ ስር አነሳ። ከፊውዞቹ ኋላ ጣቱን ሰደደ፤ ጣቱ የድሮውን ማጥፊያ ባዶ ቀዳዳ አገኘና እዚያው ቆየ፣ የወለቀ ጥርስን ቦታ እንደሚነካ ምላስ። በመጨረሻ ጀርባው ላይ ተኝቶ ራሱን ከመሪው ስር አስገባ፣ ሽቦውን ከፓምፑ ጀምሮ ለመከተል። በሰው መኪና ላይ ቢሆን ማጥፊያውን በደቂቃዎች ያገኘው ነበር፤ ሌላ ሰው የደበቀውን ማጥፊያ ማግኘት የሚወደው ጨዋታ ነው። ይኼኛው ግን የእሱ ሥራ ነው። የሽቦውን ቀለም ከፋብሪካው ሽቦ ጋር አንድ አድርጎታል። ከሌሎቹ ሽቦዎች ጋር አጣምሮ ከጫፍ እስከ ጫፍ በናስትሮ ጠቅልሎታል። ናስትሮውን ሳይቀር በአቧራ አሽቶ አስረጅቶታል። ተኝቶ ሲያየው በሠራተኛው ተደነቀ። እንዲህ ያለ ሰው ቢያጋጥመው ኖሮ ጋራዡ ውስጥ ይቀጥረው ነበር።

"ጋሽ ሽቦ" አለ አንድ ድምፅ። "የራስዎን መኪና ሊሰርቁ ነው እንዴ?"

አስተማሪው ነው። በበሩ ክፍተት አንገቱን ብቻ አስገብቷል። መኪናው ከተሰረቀበት ወዲህ በእግሩ እየሄደ የሰው ግቢ ማየት አብዝቷል።

"ሌባው ሳይቀድመኝ ብዬ" አለ ከመሪው ስር።

"እኔን ነበር መስማት። አላርም ያስገቡ ብዬዎት አልነበር?"

"ያንተ አላርም ጮኾ ምን አመጣ? ድመት ባለፈች ቁጥር ሲጮህ ለምደንለት፣ የተሰረቀ ቀን እኔ ራሴ 'ይቺ ድመት አሁንም አልተኛችም' ብዬ ተገላብጬ ተኝቻለሁ።"

አስተማሪው ሊስቅ ፈልጎ አልሆነለትም። "ዛሬ ነው አይደል የእናንተ?" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ይድረሱ። የኛን ጉድ በእርስዎ ላይ ያወረድነው እኛ ነን።" አንገቱን መልሶ ሄደ። ጋሽ ሽቦ አስተማሪው የቆመበትን ቦታ ለአፍታ አየው። የሰውየው መኪና ላይ ማጥፊያ ያስገባው እሱ ነው፤ ለመኪና አጣቢው እንዳይነግር አደራ ያለውም እሱ ነው። አስተማሪው ደግ ሰው ስለሆነ ነገረው።

የቀረው መንገድ አንድ ነበር። ከፊውዙ እስከ ፓምፑ አንድ ቁራጭ ሽቦ ወርውሮ ማጥፊያውን መዝለል። ይህን ዓይኑን ጨፍኖ ይሠራዋል። ሽቦውን ከመሣሪያ ሣጥኑ አወጣ፣ በፒንሳ ጫፉን ላጠው፣ መዳቡን በጣቶቹ ጠመዘዘው። ከዚያ ይዞት ቀረ። በዚህ ሽቦ መኪናዋ ትነሳለች፤ ድርጅቱ ግቢ ትደርሳለች። እዚያ ግን መርማሪው "ማጥፊያውን አሳየኝ" ይላል። የሚያሳየው ነገር የለውም። ሲሶው በሙሉ ይጨመራል፣ እሁድ ልጁ ሳህኗን እያየች ያቺን ቃል ትደግማለች፣ በዚህ ጊዜ የጨው ዕቃ አይበቃም። ሌላም ነገር አለ፣ ከሁሉ የባሰ። ለምን እንደሌለው መናገር ሊኖርበት ነው።

ምክንያቱም ከረሳቸው ነገሮች ማጥፊያው የመጀመሪያው አይደለም። ባለፈው ወር ውሃ ከፍቶ ረስቶ በረንዳው ረጥቧል። አንድ የቆየ ደንበኛውን በሟች ወንድሙ ስም ጠርቶት ሰውየው ዝም ብሎ ተቀብሎታል። መነጽሩን በቀን አራት ጊዜ ይፈልግ ነበር፤ አንድ ቀን ግን ከመኝታ ቤቱ በር አጠገብ፣ ልክ በዓይኑ ትክክል፣ አዲስ ምስማር ተመትቶ መነጽሩ ተንጠልጥሎበት አገኘ። ከዚያ ቀን ጀምሮ መነጽሩ ከምስማሩ ጠፍቶ አያውቅም። ምስማሩን ማን እንደመታው አልጠየቀም። ሚስቱም አልተናገረችም።

ስልኩ ጠራ። ልጁ ናት።

"አባዬ፣ ወጣችሁ?"

"እየወጣን ነው።"

"ለምንድነው እንደዚህ የምትተነፍሰው?"

"ሰንሰለቱን እየፈታሁ ነው።"

ስልኩን ዘግቶ፣ ውሸቱ እውነት እንዲሆንለት፣ ሰንሰለቱን ፈታ። የመሪውን ዘንግም አወለቀ። ሽቦውን ኪሱ ውስጥ ከተተው። የስፌቱ ድምፅ ከቆመ መቆየቱን ያወቀው ያኔ ነው።

ሚስቱ የቤቱን በር ቆልፋ መጣች። የመንገድ ቀሚሷን ለብሳለች፣ ነጠላዋን አጣፍታለች፣ የታጠፈ ሰማያዊ መጋረጃ ታቅፋለች። በረንዳው ላይ የተበተኑትን ካቻቢቴዎች፣ የተነቀለውን መተርኮሻ፣ የተገለበጠውን ምንጣፍ አየች፤ ነገር ግን ያየችውን ሁሉ በዓይኗ ብቻ አልፋው ሄደች። መጋረጃውን ከኋላ ወንበር ላይ አኖረች። ከዚያ ዞራ በእሷ በኩል ገብታ ተቀመጠችና በሩን ዘጋች።

"ገና ነኝ እኮ" አላት። "ባትሪው…"

"እሺ" አለች። ቀበቶዋን ስባ አሰረች። ቀጭ ሲል ተሰማ። ፊት ለፊቷን፣ የግቢውን በር እያየች፣ እንደ ወትሮው ባለ ድምፅ፣ "ቀበቶዬን አታይልኝም?" አለች።

እጁ ሄደ። እሱ ሳይልከው፣ በሁለቱ ወንበሮች መሃል ወርዶ የቀበቶዋን መያዣ ነካ፣ ጥብቅ አድርጎ ጫን አለው፣ ከዚያ ጣቶቹ ወደ ታች ተንሸራተቱ። ከወንበሩ ጨርቅ ጠርዝ ስር፣ ጨርቁ ከብረቱ ጋር በሚገናኝበት ቦታ፣ ትንሽዋ ማጥፊያ ተቀምጣለች። አመልካች ጣቱ ገፋት። ድምፅ እንኳ አልነበራትም፤ እንዳይኖራት አድርጎ ነው የመረጣት።

ዝናቡ፣ ካቻቢቴው፣ የስንዴው ዋጋ፣ ሁሉም በአንድ ላይ ቦታ ቦታቸውን ያዙ። ካቻቢቴው የተንከባለለው በዚህ ወንበር ስር ነበር። ከዚያ ወዲህ በወጡ ቁጥር፣ የሚያደርገው እንዳይታወቅበት፣ የሚስቱን ቀበቶ ያየ እየመሰለ ማጥፊያውን ሲያበራ ከርሟል። ሲወርዱም ቀበቶዋን እየፈታላት ያጠፋው ነበር። ዛሬ ጠዋት ብቻውን ገብቶ ተቀመጠ። አጠገቡ የሚታይ ቀበቶ አልነበረም።

ቁልፉን አዞረው። ሞተሩ ተነሳ።

እሷ ወርዳ የግቢውን በር ከፈተች፣ እሱ መኪናዋን አወጣ፣ እሷ ዘግታ ተመልሳ ገባች። በዚህ ጊዜ ቀበቶዋን ስታስር አላየላትም፣ እሷም አልጠየቀችውም። መንገዱን ሙሉ እጁ መሪው ላይ እርግጠኛ ነበር፤ ማርሹን በጊዜው ይለውጣል፣ ለእግረኛ ይቆማል። መንዳት ረስቶ አያውቅም። ሰማያዊውን መጋረጃ አንድ ፎቅ ስር ቆመው ለጥበቃው አስረከቡና ቀጠሉ። ማወቅ የፈለገው አንድ ነገር ነበር፤ ሆን ብላ ነው ወይስ እንዲያው ልማድ ሆኖባት? ሊጠይቃት አፉን ሁለት ጊዜ ከፍቶ፣ ሁለቱንም ጊዜ ስለ መንገዱ መጨናነቅ ተናገረ።

ድርጅቱ ግቢ ረጅም ሰልፍ ነበር። መርማሪዋ ወፍራም ጫማ ያደረገች፣ ጥፍሮቿ ሥር ግራሶ የገባ ወጣት ሴት ናት፤ ሥራ ትወዳለች። በሮቹን እየከፈተች እየዘጋች ሞከረች፣ መስታወት ላይ የተፋቁትን ቁጥሮች በጣቷ ዳሰሰች፣ የመሪውን ዘንግ በክብደቷ ጎተተች። "አባባ፣ አሁን አጥፉትና ልሞክራት" አለች። እሱ ፊቷን እንድታዞር ጠይቆ አጠፋው። ቁልፉን ይዛ አዞረች፣ ሞተሪኖው ግር አለ፣ ሞተሩ አልተነሳም። መብራት ይዛ ፈለገች። ከፊውዞቹ ኋላ የድሮውን ቀዳዳ አገኘችና ፊቷ በራ፣ ባዶ መሆኑን ስታይ ሳቀች። በመጨረሻ ተነሥታ ጉልበቷን አራገፈች።

"አላገኘሁትም። ዛሬ ካየኋቸው ሁሉ ያልተገኘው የእርስዎ ብቻ ነው።"

በሌላ ቀን ይህ ቃል ለአንድ ሳምንት ያጠግበው ነበር።

"አንድ ጥያቄ ብቻ ይቀረኛል" አለች። "ቦታውን ከእርስዎ ሌላ የሚያውቅ ሰው አለ? ይህን የምንጠይቀው፣ ከጠፉት መኪኖች ብዙዎቹ የተወሰዱት ቦታውን በሚያውቅ ሰው ስለሆነ ነው። እርስዎ ብቻ ከሆኑ ከመቶ አሥራ አምስት እንቀንሳለን። ሌላ የሚያውቅ ካለ አሥር።"

የራሱ አባባል ነበር፣ የድርጅት ደንብ ሆኖ የመጣበት። ሚስቱ መኪናዋ ውስጥ እንደተቀመጠች መስኮቷ ክፍት ነው። የነጠላዋን ጥለት በጣቶቿ ትቆጥራለች። ጥያቄውን ሰምታለች፤ ግን ቀና አላለችም። "እኔ ብቻ" ቢል የምታጋልጠው ሰው አይደለችም።

"ሁለት ነን" አለ።

መርማሪዋ እስክሪብቶዋን አቆመች። "ለማን ነገሩ?"

"አልነገርኳትም። አወቀችው።"

መርማሪዋ ወደ መስኮቱ አየት አደረገችና ሌላ አልጠየቀችም። "እንግዲያው አሥር ነው" አለች።

ከግቢው እስኪወጡ ሚስቱ ታገሠች። ዋናው መንገድ ላይ ሲደርሱ ግን፣ "ምን አስቀባጠረህ?" አለች። "አምስት ከመቶ ሜዳ ላይ። የሁለት መስኮት ሐዲድ ይገዛ ነበር።"

"እውነቱን ነው የተናገርኩት።"

"ከመቼ ወዲህ ነው ለኢንሹራንስ እውነት መናገር የተጀመረው?" አለችና ትንሽ ቆይታ ሳቅ አመለጣት። "አንድ ወር ሙሉ ቀበቶዬን ስታይልኝ፣ 'እሰይ፣ በስተርጅና ፍቅር ያዘው' ብዬ ነበር እኮ። ለጓደኞቼ ሁሉ አውርቻለሁ።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ አንድ ቀን ጣትህ ወርዳ ጠቅ ስታደርግ አየሁ። ምን ላድርግ፣ ዝም አልኩ። ለጓደኞቼ ግን አላስተባበልኩም።"

እሱም ሳቀ። የትራፊክ መብራቱ ቀይ ሆነና ቆሙ። መብራቱን እያየ፣ "ረሳሁት" አለ። "ጠዋት። የት እንዳደረግኩት ጠፋኝ።"

"አውቃለሁ።"

"ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቂው?"

ስለ ማጥፊያው አለመጠየቁን ተረድታለች። "ከምስማሩ በፊት" አለች።

መብራቱ አረንጓዴ ሆነ። ከኋላቸው ያለው መኪና ጥሩምባውን ነፋ። ጋሽ ሽቦ ማርሽ አስገብቶ ተንቀሳቀሰ። እሷ ስልኳን አውጥታ ልጃቸው ጋ ደወለች። ጭማሪው ከሲሶ መውረዱን ነገረቻት፣ የልጇን መልስ አዳመጠች፣ "አይ፣ አትሸጥም" አለች፤ ከዚያ ባሏን በዓይኗ ጠየቀችው። እሱ በአንገቱ እሺ አላት። "ቅዳሜ ነይ" አለች ወደ ስልኩ። "ሐኪም ዘንድ የምንሄድበት ጉዳይ አለን፣ አንቺ ትነጃለሽ። መጀመሪያ ግን አባትሽ የሚያሳይሽ ነገር አለ።"

ስልኩን ስትዘጋ፣ "ሦስት ልንሆን ነው" አለ እሱ።

"ለሦስትም ያው አሥር ነው። መርማሪዋን በመስኮት ጠይቄያታለሁ።"

ዋስትናው በዚያው ሳምንት ታደሰ። ሲሶ ተጨምሮ፣ ከጠቅላላው አሥር ከመቶ ተቀንሶ፣ ክፍያው ካምናው በአንድ አምስተኛ በልጧል። በየሁለት ወሩ ይዛወር የነበረው ማጥፊያ ከዚያ ወዲህ ለዘጠኝ ወር ከቦታው አልተነሳም። ከቀበቶው መያዣ ወደ ታች ሦስት ጣት ነው፣ በሚስቱ ጣት ሲለካ።